ሳል ይዟችሁ ነጭ የደም ሴል ሲቆጠር፦ ወረቀቱ የሚለውና የማይለው

ጅግጅጋ ውስጥ ሳልና ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ሲቢሲ ይባላል፤ ሙሉ የደም ቆጠራ ማለት ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የነጭ የደም ሴል ቁጥር አለ። ከጎኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት ካለ ደግሞ ጭንቀቱ ከዚያ ይጀምራል።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ "ኢንፌክሽን አለብህ" ሲባል ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ገዝቶ የሚሄድ አለ። "ወርዷል" ሲባል ካንሰር ወይስ ኤች አይ ቪ ይሆን እያለ እንቅልፍ የሚያጣ አለ። "ኖርማል ነው" ተብሎ ደግሞ ትንፋሽ እያጠረው ቤቱ የሚተኛም አለ። ሦስቱም ቁጥሩን ከሚያውቀው በላይ አናግረውታል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ እንዲረዳው ነው። ጉንፋን (በሶማሊኛ ሃርጋብ የምንለው)፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ሲይዘን ነጭ የደም ሴሎቻችን ምን ይሆናሉ? ቁጥሩ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ያሳስታል? ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፤ አንድ ቀን ያስፈልጋል።

ለቸኮለ፣ በአጭሩ

▪️ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሲይዘን ጠቅላላው የነጭ ሴል ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል ወይም ትንሽ ይወርዳል።
▪️ ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ "ሊምፎሳይት" የሚለው መስመር ብዙ ይናገራል።
▪️ ወረቀቱ ላይ የታተመው "ኖርማል" የእኛን ሀገር ሰው ለክቶ የወጣ ላይሆን ይችላል።
▪️ ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ትንፋሻችሁ እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን አይደለም።

1. የሚቆጠረው ምንድን ነው?

ነጭ የደም ሴሎች የሰውነት ተከላካዮች ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ጠብታ 50ኛ ገደማ በሆነች መጠን ውስጥ፣ አንድ ጤናማ አዋቂ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ነጭ ሴሎች አሉት ተብሎ በአብዛኛው መጽሐፍ ላይ ይጻፋል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አምስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ፤

▪️ ኒውትሮፊል፦ ከ40 እስከ 70 በመቶ። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት እነዚህ ናቸው። ቁስል ላይ የምናየው መግል በብዛት የሞቱ ኒውትሮፊሎች ነው።
▪️ ሊምፎሳይት፦ ከ20 እስከ 40 በመቶ። ቫይረስ የገባበትን ሴል ፈልገው የሚገድሉትና አንቲቦዲ የሚሠሩት ከዚህ ቤተሰብ ናቸው።
▪️ ሞኖሳይት፦ ከ2 እስከ 8 በመቶ። የሞተና የተበላሸ ነገር ያጸዳሉ።
▪️ ኢኦሲኖፊል፦ ከ1 እስከ 4 በመቶ። በአለርጂና በሆድ ትላትል ጊዜ ከፍ ይላሉ።
▪️ ቤዞፊል፦ ከ1 በመቶ በታች።

ማሽኑ የሚቆጥረው በዚያች ቅጽበት በደም ስር ውስጥ የሚዘዋወሩትን ብቻ መሆኑን አትርሱ። የጅግጅጋን ባጃጆች አስቡ። አንድ ሰው ዋናው አስፋልት ዳር ቆሞ የሚያልፉትን ቢቆጥር፣ መንደር ውስጥ የገቡትንና ዳር ይዘው የቆሙትን አያገኛቸውም። ነጭ ሴልም እንደዚያ ነው። ብዙዎቹ በደም ስር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቆመዋል፤ ብዙዎቹ በንፍፊት፣ በጣፊያና በመቅኒ ውስጥ ናቸው። ቁጥሩ ወረደ ማለት ሁሌም ሴሎቹ አለቁ ማለት አይደለም፤ ወደ ሥራ ሄደው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ጨመረ ማለትም ሁሌም አዲስ ተመረተ ማለት አይደለም፤ ቆመው የነበሩት መንገድ ላይ ወጥተው ሊሆን ይችላል።

2. ወረቀቱን እንዴት እናንብበው?

መጀመሪያ ነጥቧን ተመልከቱ። ብዙ ማሽኖች ቁጥሩን በሺህ አሳጥረው ነው የሚያትሙት። "5.2" የሚል ካያችሁ 5,200 ማለት ነው። "5 ነጭ ሴል ብቻ ቀረኝ" ብላችሁ እንዳትደነግጡ!

ቀጥሎ ማሽኑ ስንት ዓይነት እንደለየ እዩ። ቀለል ያሉት ማሽኖች ሦስት ቦታ ብቻ ይከፍላሉ፦ ሊምፎሳይት፣ "ሚድ" (መካከለኛ) እና "ግራን" (በዋናነት ኒውትሮፊል)። የተሻሉት አምስቱንም ይለያሉ። ሦስት ቦታ የሚከፍል ማሽን ስለ ኢኦሲኖፊል ለብቻው አይነግራችሁም፤ "ሚድ" ውስጥ ደባልቆታል። "ሚድ ከፍ ብሏል" ተብሎ ብቻ በሽታ መሰየም አይቻልም።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር በመቶኛና በቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ወረቀቱ ላይ ሊምፎሳይት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዱ በመቶኛ፣ ሌላው በቁጥር። ማመን ያለባችሁ ቁጥሩን ነው። ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እንይ፤

▪️ አንደኛው ሰው፦ ጠቅላላ 9,000፣ ሊምፎሳይት 15 በመቶ። ወረቀቱ ላይ ቀስቱ ወደ ታች ነው። ግን 15 በመቶ የ9,000 ስንት ነው? 1,350። ይህ ለአዋቂ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።
▪️ ሁለተኛው ሰው፦ ጠቅላላ 4,200፣ ሊምፎሳይት 19 በመቶ። መቶኛው ከመጀመሪያው ሰው ይበልጣል። ቁጥሩ ግን 800 ገደማ ነው። ለአዋቂ ከ1,000 በታች ሲሆን "ሊምፎሳይት ወርዷል" ይባላል።

በመቶኛው የተሻለ የሚመስለው ሰው በቁጥሩ የባሰ ሆነ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፤ ማባዛት ነው።

ልጆች ላይ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጨቅላና ትንንሽ ልጆች በተፈጥሯቸው ከኒውትሮፊል ይልቅ ሊምፎሳይት ይበዛባቸዋል። የሁለት ዓመት ልጅን ውጤት በአዋቂ መለኪያ አንብቦ "ቫይረስ ነው" ማለት ስህተት ነው።

3. ቫይረሱ ሲገባ ደሙ ውስጥ ምን ይሆናል?

ተራ ጉንፋን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ ለውጥ የለም። ቆጠራውም አያስፈልግም፤ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ በራሱ ያልፋል።

ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሊምፎሳይት ቁጥር ይወርዳል፤ ጠቅላላው ቁጥር ኖርማል ወይም ዝቅ ያለ ይሆናል። ሰውየው ሲያገግም ይመለሳል።

ይህን ነገር ዓለም ሁሉ ያወቀው በኮቪድ-19 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ብዙም ሳይቆይ የእኛ አካባቢ ወሬው ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ከጎረቤት ሶማሊያ ተሻግረው ጅግጅጋ ለይቶ ማቆያ የገቡ ሰዎች ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ድንበር ላይ ያለ ሕዝብ ስለሆንን የሚገርም አይደለም። ቶጎጫሌ በየቀኑ ሰውና ዕቃ የሚተላለፍበት ከተማ ነው። ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር ደግሞ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርባቸው የስደተኞች መጠለያዎች አሉባቸው። መስኮቱ ተዘግቶ የሚቃምበት የበርጫ ክፍልም ሲጨመርበት ለመተንፈሻ ቫይረስ የተመቸ ሁኔታ ነው።

ሐኪሞች ያኔ ምን አዩ? ቻይና ውስጥ በ552 ሆስፒታሎች የታከሙ የ1,099 ሕሙማን መረጃ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጣ። ሆስፒታል ሲገቡ 83.2 በመቶ የሚሆኑት ሊምፎሳይታቸው ከ1,500 በታች ነበር። ጠቅላላ ነጭ ሴላቸው ከ4,000 በታች የሆነው ግን 33.7 በመቶ ብቻ ናቸው።

ይህን ሁለቴ አንብቡት። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ የመጀመሪያው መስመር ላይ የወረደ ቁጥር አልነበራቸውም። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ያየ ሰው "ምንም የለም" ብሎ ያልፋቸው ነበር። ለውጡ ያለው ሊምፎሳይት መስመር ላይ ነው።

ሊምፎሳይት ለምን ይወርዳል? ምክንያቱ አንድ አይደለም። የተወሰኑት ከደም ወጥተው ወደ ሳንባና ወደ ንፍፊት ይሄዳሉ። የተወሰኑት በኃይለኛው የሰውነት ቁጣ ይሞታሉ። ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም ሊምፎሳይትን ከደም ያርቃል።

ከዚህ ሐኪሞች አንድ ቀላል ስሌት አወጡ፦ ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት ማካፈል። ጤናማ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው። ኒውትሮፊል 3,000፣ ሊምፎሳይት 1,500 ከሆነ 2 ይሆናል። ኒውትሮፊል 8,000፣ ሊምፎሳይት 500 ከሆነ 16። ኮቪድ የጠናባቸው ሰዎች ላይ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ታይቷል፤ በየቀኑ እየወጣ ሲሄድ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ቀረብ ብሎ ይከታተላል። ግን ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ከፍ ብሎባቸው የዳኑ ብዙ ናቸው።

ደግሞም አንድ ቀን የተወሰደ ቆጠራ አንድ ፎቶ ነው። በሁለተኛው ቀን ኖርማል የሆነ ሊምፎሳይት በሰባተኛው ቀን ሊወርድ ይችላል። ኮቪድ የሚጠናባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚብስባቸው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው። "ባለፈው ተመርምሬ ኖርማል ነው ተብያለሁ" የሚለው ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

4. ቁጥሩ ከፍ ካለስ?

ከ11,000 በላይ ሲሆን፣ በተለይ ኒውትሮፊል በዝቶ ከሆነ፣ ሐኪም ባክቴሪያን ይጠረጥራል። ትክክል ነው። በቫይረስ የጀመረ ሕመም ላይ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ሊደረብ ይችላል፤ ሰውየው ተሽሎት ሳለ እንደገና ትኩሳቱ ሲያገረሽና አክታው ሲለወጥ ይህ ይታሰባል።

ግን ባክቴሪያ ሳይኖርም ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉ ብዙ ነገሮች አሉ፤

▪️ ዴክሳ። ይህን በደንብ ያዙት። ዴክሳሜታዞን የሚባለው መርፌ ወይም ክኒን በደም ስር ግድግዳ ላይ ቆመው የነበሩትን ኒውትሮፊሎች ወደ "አስፋልቱ" ያወጣቸዋል። ቁጥሩ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ሊምፎሳይት ደግሞ ይወርዳል። ትናንት ዴክሳ ተወግታችሁ ዛሬ ብትመረመሩ ወረቀቱ "ከባድ ኢንፌክሽን" ይመስላል። ለመርማሪው ካልነገራችሁት በምን ያውቃል?
▪️ እርግዝና። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ምንም ሕመም 12,000ም 14,000ም ሊኖራት ይችላል።
▪️ ሲጋራ ማጨስ፣ ከባድ ሕመም ወይም ድንጋጤ፣ ሩጫ።
▪️ አንዳንድ ቫይረሶች ራሳቸው። አዴኖቫይረስ የሚባለው ልጆች ላይ ቁጥሩን እንደ ባክቴሪያ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። ትክትክ ባክቴሪያ ሆኖ ሳለ ሊምፎሳይትን ነው ከፍ የሚያደርገው። ልጁ እየሳለ ፊቱ እስኪቀላ ትንፋሽ ካጠረውና ከሳሉ በኋላ ካስመለሰው "ሊምፎሳይት ነው የበዛው፣ ስለዚህ ቫይረስ ነው" ብሎ ቤት ማስተኛት አደገኛ ነው፤ በተለይ ክትባት ያልጨረሰ ሕፃን ከሆነ።

ስለ ዴክሳ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት ዴክሳ በቀን 6 ሚሊ ግራም ሲሰጥ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉ የኮቪድ ሕሙማን ላይ ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክሲጅን ያላስፈለጋቸው ሰዎች ግን አልተጠቀሙም። ስለዚህ ለተራ ሳል ዴክሳ መወጋት ጥቅሙ አልታየም፤ የደም ቆጠራውንም ያምታታል።

5. የማን "ኖርማል" ነው?

ወረቀቱ ጠርዝ ላይ "ከ4.0 እስከ 11.0" ተብሎ የሚታተመው ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ልክ ከየት የመጣ ነው? በብዛት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከተለኩ ሰዎች።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት 485 ጤናማ፣ በሥራ ላይ ያሉና ከኤች አይ ቪ ነፃ የሆኑ ኢትዮጵያውያንን ደም ለካ። አማካይ የነጭ ሴል ቁጥራቸው 6,100 ነበር። ከእነሱ ውስጥ በ142ቱ ላይ ሲዲ4 የሚባሉት ሊምፎሳይቶች ተቆጠሩ፤ አማካዩ 775 ሆነ። በንጽጽር የተለኩት ጤናማ የደች ደም ለጋሾች አማካይ 993 ነበር። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። ከአፍሪካና ከአረብ ባሕረ ገብ ምድር የዘር ግንድ ያላቸው ብዙ ሰዎች "ደፊ" የሚባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የለም። ይህ ሁኔታ ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዓይነት ይከላከላል። እነዚህ ሰዎች በደም ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊላቸው ከተለመደው ዝቅ ይላል፤ 1,500 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ግን ከሌላው ሰው በበለጠ አይታመሙም። ሴሎቹ አሉ፤ ደም ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ናቸው።

ስለዚህ ወረቀታችሁ 3.6 ቢልና እናንተ ደህና ከሆናችሁ፣ ወይም ከጉንፋን እያገገማችሁ ከሆነ፣ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ትክክለኛው እርምጃ ከተሻላችሁ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መቆጠር ነው። ያኔም ያው ከሆነ የእናንተ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው በየጊዜው እየወረደ ከሄደ፣ ኒውትሮፊል ከ500 በታች ከሆነ፣ ወይም ቀይ ሴልና ፕላትሌት አብረው ከወረዱ ነው። ያኔ ሐኪም ጋ መሄድ የግድ ነው።

የእኛ ምክር፦ ጤነኛ ሆናችሁም ታማችሁም የተሠራላችሁን ሲቢሲ ሁሉ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከታተመው "ኖርማል" ይልቅ ከራሳችሁ የድሮ ቁጥር ጋር ማወዳደር ይሻላል።

6. በእኛ አካባቢ ጉንፋን የሚመስሉ ሌሎች

"ነጭ ሴል ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ ጉንፋን ነው" የሚለው አባባል በጅግጅጋ፣ በሽንሌ፣ በደምበልና በአካባቢው በተለይ አያስኬድም። ነጭ ሴልን ሳይጨምሩ ወይም ዝቅ አድርገው የሚመጡ ሌሎች ትኩሳቶች ስላሉ ነው።

▪️ ዴንጊ፦ ጎረቤታችን ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኙን አይታለች። ነጭ ሴልም ፕላትሌትም አብረው ይወርዳሉ። ከዓይን ጀርባ የሚያም ራስ ምታትና አጥንት የሚሰብር ሕመም ካለ ይታሰባል።
▪️ ወባ፦ ነጭ ሴል ኖርማል ወይም ዝቅ ያለ፣ ፕላትሌት ዝቅ ያለ ይሆናል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እዚሁ ክልላችን ቀብሪደሃር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ስሟ ተነስቷል። ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ አይቀርም።
▪️ ኩፍኝ፦ ሲጀምር በሳል፣ በአፍንጫ ፈሳሽና በቀላ ዓይን ነው፤ ሽፍታው ቆይቶ ይመጣል። ነጭ ሴልን ያወርዳል።
▪️ ታይፎይድ፦ ባክቴሪያ ቢሆንም ነጭ ሴልን ብዙ ጊዜ አይጨምርም፤ አንዳንዴ ያወርዳል። "ዊዳል" የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ብዙ የሚሳሳት ስለሆነ በእሱ ብቻ መድኃኒት መጀመር አይመከርም።
▪️ ቲቢ፦ ነጭ ሴል ሙሉ በሙሉ ኖርማል ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። ሌሊት ማላብና ክብደት መቀነስ ከተጨመረ አትዘግዩ።
▪️ አለርጂ፦ በጂላል ወቅት አቧራውና ነፋሱ ሲበረታ የሚያስነጥሰው ሁሉ ቫይረስ የያዘው አይደለም። ኢኦሲኖፊል ከፍ ብሎ ትኩሳት ከሌለ ይህንን አስቡ።

ስለዚህ ቆጠራው በሽታውን አይሰይምም። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ መሆኑን የሚያረጋግጠው ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና የሚደረገው ምርመራ ነው።

7. አንቲባዮቲክ ልግዛ?

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ወረቀቱ ላይ ቀስት ሲታይ ይረሳል።

በኮቪድ የመጀመሪያ ወራት የወጡ 24 ጥናቶችን፣ በድምሩ 3,338 ሕሙማንን፣ አንድ ላይ ያየ የ2020 እ.ኤ.አ. ትንተና አለ። ሲመጡ ባክቴሪያ ተደርቦባቸው የተገኙት 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን 70 በመቶ አልፈዋል። አብዛኛው መድኃኒት ያለ ጠላት የተተኮሰ ነበር።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ሦስት ነገር። ሆድ ያበላሻል፤ ገንዘብ ይበላል። ከሁሉም በላይ በሰውነታችን ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። ነገ እውነተኛ የሳንባ ምች ሲመጣ፣ ወይም የእህታችሁ ልጅ ሲታመም፣ ያው መድኃኒት አልሠራም ይላል። ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ፍለጋ ከሐርሺን ወይም ከቶጎጫሌ ጅግጅጋ መምጣት ለሁሉም ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ሲቢሲ እዚህ ላይ ይረዳል፤ በአግባቡ ከተነበበ። ሰውየው ደህና እየተነፈሰ፣ ደረቱ ሲዳመጥ ንጹሕ ሆኖ፣ ነጭ ሴሉ ኖርማል ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ ሐኪሙ "አንቲባዮቲክ ይቆይ፣ እንከታተል" ለማለት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ሐኪም "አያስፈልግህም" ካላችሁ እንደ ንፍገት አትዩት።

በተቃራኒው ሐኪም አይቶ ካዘዘላችሁ ደግሞ በታዘዘው ልክ ጨርሱ። ይህ ጽሑፍ የታዘዘ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

8. መቼ ነው የሚሮጠው?

ቁጥሩ ምንም ይበል ምን፣ ከነዚህ አንዱ ካለ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ፤

▪️ ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ማጠር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ አለመቻል
▪️ ጣት ላይ በሚደረገው መሣሪያ ኦክሲጅን ከ90 በታች መሆን (ከ90 እስከ 93 ከሆነም በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል)
▪️ የከንፈር ወይም የጥፍር መጥቆር፣ መቃዠት፣ ለማንቃት ማስቸገር
▪️ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ
▪️ ተሽሎ የነበረ ትኩሳት እንደገና መነሳት

ለልጆች ደግሞ ስልካችሁን አውጡና አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሻቸውን ቁጠሩ፤ ሲያለቅሱ ሳይሆን ሲረጋጉ። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ሲተነፍሱ ደረታቸው ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃታቸው ደግሞ በፍጥነት።

ይህ ቆጠራ ማሽን፣ መብራትና የደም ናሙና አይፈልግም። ጤና ኬላ ብቻ ባለበት ቀበሌም ይሠራል። ጅግጅጋ ውስጥ ካራማራ ሆስፒታልና በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ፤ ከወረዳ የምትመጡ ግን በመጀመሪያ በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲያያችሁና ሪፈር እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። መንገድ ላይ የሚባክነው ሰዓት ለታማሚው ውድ ነው።

9. ወረቀቱን ይዛችሁ የምትጠይቁት

ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ማፈር አያስፈልግም። እነዚህን ጠይቁ፤

▪️ የሊምፎሳይቴ ቁጥር ስንት ነው? መቶኛውን ሳይሆን።
▪️ ፕላትሌትና ሄሞግሎቢንስ ደህና ናቸው?
▪️ ይህ ቁጥር ከምልክቴ ጋር ይሄዳል?
▪️ የወባ ወይም የአክታ ምርመራ ያስፈልገኛል?
▪️ መቼ ልደግመው?

እናንተም ሳትጠየቁ ንገሩ፦ ሕመሙ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ዴክሳ ወይም ሌላ መርፌ ወስዳችሁ እንደሆነ፣ አንቲባዮቲክ ጀምራችሁ እንደሆነ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ስኳር፣ ኤች አይ ቪ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ካለባችሁ። ናሙናው ከሌላ ከተማ የተላከ ከሆነ መቼ እንደተቀዳም ይጠየቅ፤ በሐምራዊ ክዳኗ ብልቃጥ ውስጥ ሙቀት ላይ ብዙ ሰዓት የቆየ ደም የሴሎቹን ዓይነት ለመለየት አስተማማኝ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል ብሏል። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ ኢንፍሉዌንዛም በየዓመቱ ይመጣል። ሲቢሲም በየክሊኒኩ መሠራቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ወረቀቱን ማንበብ ቢችል መልካም ነው። ለአያትና ለእናት የሚያነበው ብዙ ጊዜ ስልክ የያዘው ወጣት ነው፤ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።